ዘጠነኛው ጠርሙስ

አቶ ሀብተ ማርያም ረቡዕ በምሳ ሰዓት ለንደን ውስጥ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ላብራቶሪ፣ ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ሥራቸው የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ወደ ባሕር የሚለቁትን ውኃ የሚመረምሩ ላብራቶሪዎችን መቆጣጠር ነበር። ተቆጣጣሪን ደግሞ ማን ይወዳል? በሩ በካርድ ብቻ ይከፈታል፤ ከሟቹ ሌላ ውስጥ የነበሩትም ሦስት ሰዎች ናቸው።

የዋይት ሲቲ ሰፈሯን ልጅ፣ የፖሊስ ኢንስፔክተር ማህደርን አለቃዋ «ሹፌሩን እሰሪና እንገላገል» እያለ ይወተውታታል። ሬሳውን ያገኘው የላብራቶሪው ሹፌር ወንድይራድ ነው፤ ጠዋትም በቢሮአቸው ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ክሮይደን ባለው የስደተኞች ቢሮ ውሳኔ እየጠበቀ ተቀምጧል፤ ክስ ከተመሠረተበት አለቀለት።

«ለምን ጮኹብህ?» አለችው።

«ጠርሙሶቹን አዘገየህ ብለው። ከባሕሩ እቀዳለሁ፣ በእሳቸው ቢሮ አሳሽጌ እዚህ አደርሳለሁ፤ በቃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! እሰሪኝና ይለይልኝ።»

የላብራቶሪው ረዳት ሶፊያ ማህደርን ቀና ብላም አላየቻትም።

«እኔ ጠርሙስ ነው የማጥበው። የጨረራ መለኪያ ማሽኑን ዶክተር ብቻ ናቸው ዩዝ የሚያደርጉት። ሰውዬውን አልወዳቸውም ነበር፣ ኦኬ? ጻፊው።»

የላብራቶሪው ባለቤት ዶክተር ምድሃኔ ወንበር እንኳ አላቀረቡላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ጨረራ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ረቡዕ ሟቹን አግኝተዋቸው ነበር?»

«ዓይናቸውንም አላየሁ። መምጣታቸውን ያወቅሁት ወንድይራድ ሬሳውን አይቶ ሲጮህ ነው። እኛ የምንደብቀው የለም፤ ይኸው!»

በእጃቸው የጻፉትን መዝገብ ወረወሩላት። ከወሩ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች አሥራ አንዱ ንጹሕ፣ ዘጠነኛው ግን ከፍተኛ ጨረራ ያለበት ነው ይላል፤ መጠኑም በቁጥር ተጽፏል። ማህደር አመሰገነች፤ ምስጋናዋንም የተቀበላት የለም።

በማግሥቱ ሦስቱንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ሰኞ ለሟቹ ቢሮ የላኩት ሪፖርት አሥራ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው ይላል። መዝገብዎ ግን ዘጠነኛው አይደለም ይላል።»

«ማክሰኞ ደግሜ ለክቼ አረምኩት።»

«ይህ ማሽን የለካውን ሁሉ በራሱ ይመዘግባል። ቼክ አድርጌዋለሁ። ማክሰኞ አልሠራም፤ ሰኞም አልሠራም። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጠርሙስ አልለካም። ታዲያ ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

ዶክተሩ መዝገቡን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልሰጠቻቸውም።

«ዘጠነኛው ጠርሙስ ከባሕር አልመጣም። አቶ ሀብተ ማርያም ልኩን የሚያውቁት ጨረራ ጨምረውበት፣ እርስዎን ለመፈተን ከሌሎቹ ጋር አሽገው የላኩት ነው። ቁጥሩን የጻፉበት ደብተር ቢሮአቸው ተቆልፎበታል፤ ለማንም አልጻፉም፣ አልደወሉም። በመዝገብዎ ያለው ያው ቁጥር ነው፣ እስከ ነጥቡ ድረስ። ሊነግርዎት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ዓይናቸውንም አላየሁ አሉኝ። ረቡዕ ሊያጋልጡዎት መጥተው የነገሩዎትን ቁጥር፣ ከገደሏቸው በኋላ ሐቀኛ ለመምሰል መዝገብዎ ላይ ጻፉት።»

«ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ቤት በአንድ ጠርሙስ ሊዘጉት!» ብለው አፈጠጡባት። «ገፋኋቸው። አይቆጨኝም!»

ማህደር ወንድይራድን ይቅርታ ልትጠይቅ ዞረች፤ በእጁ ከለከላት። ወደ አሠሪው ተጠጋ።

«ንጹሕ ነው ብለውኝ ልጆቼን እዚያው ባሕር አዋኝቻለሁ። አራት ዓመት የቀዳሁት ውኃ ምን ነበረበት?»

ዶክተር ምድሃኔ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላውቅም» አሉ።