ከአዛን በፊት የተበላ ጭኮ

«ከማታ ሁለት ሰዓት ወዲህ ምንም አልቀመስክም አይደል?» አለችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጸደንያ፣ የአዩብን ክንድ በላስቲክ ጠበቅ አድርጋ እያሰረች።

እሱ አፉን ሳይከፍት አክስቱ እናኑ ቀደመችው። «ወላሂ ጾመኛ ነው። ምራቁን እንኳ እየፈራ ነው የሚውጥ።»

አዩብ ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ ቁመቱ ግን ወሬውን አልሰማም። መካነ ሰላም ላይ ሚኒባስ በተሳፈረ ቁጥር ረዳቱ አክስቱን «ልጁን እቀፊውና ሰው ይቀመጥ» ይላታል። ጂዳ ያለችው እናቱ ማደጉን ልይ ስለምትል፣ በበሩ መቃን ላይ ቁመቱን በከሰል እያሰመረ ፎቶ ይልክላታል። ሲያሰምር ታዲያ ተረከዙን ብድግ ያደርጋል። በዚያ ልክ የላከችው ሱሪ ሲመጣ ተጎተተ። አክስቱ ምንም ሳትል ሱሪውን ቆርጣ ሰፋችለት። የከተማው ሐኪም ግን ዝም አላለም፤ ወደ ደሴ ላከው።

ትናንት እጁን ራጅ አነሱት፣ ሆዱን በአልትራሳውንድ አዩት። የደሴው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ «አጥንትህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይመስላል» አለው።

«እኔ ዘጠነኛ ክፍል፣ እጄ አምስተኛ ክፍል ማለት ነው?»

ሐኪሙ ሳቀ። «ዘግይተህ የምታድግ ልትሆን ትችላለህ። የሆርሞን እጥረትም ሊሆን ይችላል። ደምህን ሳላይ አላውቅም። ነገ ጠዋት ምንም ሳትበላ ና።»

ሳይበሉ መዋልን እናኑ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅበታለች። ስለዚህ ከአዛን በፊት ቀሰቀሰችውና ከቤት በቅቤ አሽታ ያመጣችውን ጭኮ «ቶሎ በል፣ ሊነጋ ነው» እያለች አበላችው። አዩብም ዓይኑን ሳይገልጥ በላ።

አሁን ገና ነገሩ ገባው። ዝም ቢል ዛሬውኑ ይሳፈራሉ፤ ላሟ ልትወልድ ስለሆነ አክስቱ ልቧ ቤት ነው። ቢናገር ሌላ ቀን ማደር አለ፣ እሷንም በሰው ፊት ማሳፈር አለ። ግን ማደግ አለማደጉን ማወቅ የፈለገው ከማንም በላይ እሱ ነበር። ደሙ ስለ ጭኮው ካወራ፣ ስለ እሱ ማን ሊያወራ ነው?

«ሲስተር፣ በልቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ከአዛን በፊት። ጭኮ።»

«ብዙ?»

«ያበላችኝ አክስቴ እኮ ናት።»

ጸደንያ ላስቲኩን ፈታችው። እናኑ ግራ ገባት። «ታዲያ ሱሁር ሳይበላ ነው የሚጾመው? በየት አገር?»

«እናቴ፣ ይሄኛው እንደኛ ጾም ነው፤ ከማታ ጀምሮ ነው የሚያዘው» አለች ጸደንያ፣ ሳቋን በማስኳ ደብቃ።

«የክርስቲያኑ ነው ብሎ አይነግረንም ነበር ሐኪሙ?» አለች እናኑ። ተናግራ ስትጨርስ እሷም ሳቀች።

የቀረውን ጭኮ ላረፉበት አልጋ ቤት ዘበኛ ሰጠችው፤ ደግማ እንዳታበላው እጇን አላመነችውም። በዚያ ምሽት እሷም ከአዩብ ጋር ሳትበላ አደረች። ጠዋት ደሙ ተቀዳ፤ ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተባሉ። ላሟም ማንንም ሳትጠብቅ ወለደች።

ቤት እንደገቡ እናቱ ደወለች። «ምን አሉህ የኔ ልጅ?»

«ገና አልታወቀም፣ እማዬ።»

«እሺ፣ ፎቶህን ላክልኝ።»

አዩብ ከሰሉን ለአክስቱ ሰጣት። መቃኑን ተደግፎ ቆመና ተረከዙን መሬት ላይ አሳረፈ። እናኑ ከአናቱ ላይ አሰመረች፤ አዲሱ መስመር ከድሮዎቹ ሁሉ በታች ሆነ። መስመሩንም እሱንም አየች።

«ወደ ታች እያደግህ ነው» አለች ስልኩን አንስታ። «ይሄንኑ ልላክላት?»

«ላኪላት» አለ አዩብ።