ሰማዩ ላይ ሦስት ነጠብጣብ

ሳሊሀ በቀን የመቶ ሰው ፊት ታጸዳለች፤ የራሷን ግን ጠዋት ታጥባው ከወጣች እስከ ማታ አታስታውሰውም።

ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ የጋሽ ሉልሰገድ ፎቶ ቤት አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ኮምፒውተር የሳሊሀ ናት። ብጉር ይመጣል፣ ታጠፋዋለች። ማድያት ይመጣል፣ ታጠፋዋለች። የሙሽራ ሸሚዝ ላይ የተንጠባጠበ ወጥም አጥፍታ ታውቃለች። ሥራው ከባድ አይደለም። ጉድፉ አጠገብ ካለው ንጹህ ቦታ ትንሽ ትቀዳና ጉድፉ ላይ ትደርብበታለች። ክሊክ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ አንድም ነገር ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም።

ዶሮ ማነቂያ የነበረው የእናቷ ቤት የፈረሰ ጊዜም እንደዚያው ነው የሆነው። አንድ ቀን ነበረ፤ በሌላው ቀን ቦታው ተደልድሎ ቁጭ አለ። ጎረቤት ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር። አልቅሳ ቢወጣላት ጥሩ ነበር፤ አላለቀሰችም። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ትመላለሳለች። አልታመመችም። ትበላለች፣ ትተኛለች። ብቻ የሚሆነው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የሚሆን ነው የሚመስላት።

ሙኒር ሰኞ ሰኞ ይመጣል። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማይደክመው። ቅዳሜና እሁድ ያነሳውን ያመጣና ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ፣ አጭሯን በርጩማ ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።

ካሜራው ውስጥ አቧራ ገብቷል። ሰማይ በታየበት ፎቶ ሁሉ ላይ፣ ከላይ በስተግራ፣ ሦስት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሁለቱ ተጠጋግተዋል፤ ሦስተኛው ያኮረፈ ይመስል ራቅ ብሏል። ሳሊሀ የስንቱን ፎቶ አንሺ ሥራ ስትሠራ የሙኒርን ግን ስሙን ሳታነብ ትለየዋለች። እሷ ነጠብጣቦቹን ስታጠፋ እሱ ወሬውን ይለቃል፦ ጫማዋን አውልቃ ስለጨፈረችው ሙሽራ፣ ኬኩን ይዞ ስለወደቀው ሚዜ፣ ፎቶ ላይ አልወጣሁም ብለው ሙሽሮቹን እንደገና ስላስቆሙት አክስት። አልፎ አልፎ ትኩስ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። እሷ አትስቅም፤ ግን ዝም በልም ብላው አታውቅም።

አንድ ጊዜ ካሜራውን ለምን እንደማያጸዳው ጠይቃዋለች። ለዚህ ነገር ውጭ አገር ነው የሚላከው፣ ዋጋውም አይቀመስም አላት። እሷም አመነች፤ ለመጠራጠር እንኳን ትንሽ ጉጉት ያስፈልጋል።

ታዲያ በዚህ መሃል ሽማግሌ ሊመጣ ሆነ። እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ አንድ ምሽት አጠገቧ ተቀምጠው ነገሯት። ልጁ ቡሽራ ይባላል፤ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፣ ይሰግዳል፣ አይቅምም፣ ጠባዩን ሁሉም ያመሰግነዋል። ሳሊሀ አንድ ቀን ዘመድ ቤት አይታዋለች፤ እንከን አልነበረውም። ይምጡ አለች። እናቷ ትንሽ እንድትከራከር የፈለጉ ይመስል ጥቂት ጠበቋት። አልተከራከረችም።

ሰኞ ለሙኒር የነገረችው ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ነው።

«የዚህ እሁድ ሳይሆን የቀጣዩ፣ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ለማን?»

«ለኔ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ፤ ይምጡ አልኩ።»

አፉ የማይደክመው ሰውዬ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ «መብሩክ» ብሎ ተነሳ። ቦምቦሊኖውን ገምጦ ግማሹን ወረቀቱ ላይ ትቶት ሄደ። ሳሊሀ ሦስቱን ነጠብጣብ አጠፋችና ወደ ቀጣዩ አለፈች።

በሳምንቱ ሰኞ ሙኒር ሚሞሪውን ባንኮኒው ላይ ለጋሽ ሉልሰገድ ሰጥቶ፣ መጋረጃውን ሳይገልጥ ተመለሰ።

ሳሊሀ ከፈተችው። የመጀመሪያው ፎቶ፣ ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ፤ ሰማዩ ሰፊ ነው። እጇ በልማድ ማውዙን ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ወሰደው። ምንም የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። አሥረኛው ላይም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያያታል። ሦስት መቶውን ፎቶ አንድ በአንድ አገላብጣ ፈለገች። የምታጠፋውን ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ጋሼ፣ ሙኒር ካሜራ ቀየረ እንዴ?»

«የት አባቱ አምጥቶ ይቀይራል? ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ሳትገቢ እዚሁ ቆሞ አጸዳው።»

«ውጭ አገር ይላካል ብሎኝ ነበር እኮ።»

ጋሽ ሉልሰገድ መሳቢያውን ሳቡና አንዲት እፍኝ የማትሞላ የላስቲክ አቧራ መንፊያ አወጡ። ፊቷ ላይ ነፉባት፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ውጭ አገር ማለት ይቺ ናት። እፍ፣ እፍ፣ አለቀ። አምና ረመዳን ሳይገባ ሰጥቼው፣ ጋሼ ምክንያቴን አይንኩብኝ ብሎ እጄ ላይ መለሰልኝ። እኔማ የምታውቂ መስሎኝ!»

አታውቅም ነበር። ተቀምጠውበት የደነዘዘ እግር ሲነቃ ደስ አይልም፤ ይወጋል፣ ይነዝራል፣ አያስረግጥም። ሳሊሀን መላ ሰውነቷን እንደዚያ አደረጋት። ጋሽ ሉልሰገድን ሳታስፈቅድ ወጣች።

ሙኒር ሰኞ ሰኞ አልበም የሚያሳስርበት ሱቅ ድልድዩ አጠገብ ነው። ካልሲ ሻጮቹን፣ የስልክ ሽፋን ዘርግተው የተቀመጡትን እየዘለለች ወረደች። ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። አይቷት ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ዋሽተኸኛል» አለችው።

«አዎ።»

«ለምን አጸዳኸው?»

«የሰው ሚስት ጋ በየሳምንቱ አቧራ ይዤ ልመላለስ?»

«ገና የማንም ሚስት አልሆንኩም።»

«ይምጡ ብለሻል።»

«እኔ ለሁሉም ይምጡ ነው የምለው» አለች ሳሊሀ። «ቤታችንን ሊያፈርሱ ሲመጡም ይምጡ ነው ያልኩት።»

ከአትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ የተሸከሙ ሁለት ወዛደሮች መንገድ ልቀቁ እያሉ በመሃላቸው አለፉ። ካለፉ በኋላ ሙኒር በቀጥታ ያያት ነበር። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ዓመት ከመንፈቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ስክሪን ነበር የሚያዩት፤ ፊት ለፊት መተያየት ለካ ሌላ ነገር ነው።

«እና አሁንስ?» አላት ቀስ ብሎ። «ይምጡ?»

«አይምጡ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንባዋ አብሮ ወጣ። ለሙኒር ብቻ አልነበረም። ለቤቱም ነበር፣ ለግቢው ቧንቧ፣ ብርጭቆ በጋዜጣ ለጠቀለለችበት ለዚያ ቀን። ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ያውም ካልሲ ሻጭ ፊት። የስንቷን ሙሽራ ለቅሶ ያነሳው ሙኒር እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያያት ብቻ ዞሮ ከለላት።

እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለች። ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ፣ ለቡሽራም በደንብ አድርገው እንዲነግሩት ለመነቻቸው። ወይዘሮ ዘነቡ የሰሙት ግን ድምጿን ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እያለቀስሽ ነው?»

«አዎ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እናቷ። «አልቅሺ የኔ ልጅ። ለቡሽራ እኔ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አደረጉ። «ለመሆኑ አጠገብሽ የሚተነፍሰው ማነው?»

«ሙኒር ይባላል። እሁድ ሽማግሌ ይልካል።»

ሙኒር ዓይኑ ፈጠጠ። አማከረችኝ እንዳይል አላማከረችውም፤ እምቢ እንዳይል ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሲመኘው የኖረው ነው። አትክልት ተራ ያለውን አጎቱን በሐሳቡ ኮት ማልበስ ጀመረ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ደንገጥ ብሎ አንሾካሾከ።

«እሁድ እኮ ሰርግ አነሳለሁ።»

ሳሊሀ ስልኩን በእጇ ሸፈነችው። አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ፊቷ በእንባ ተዥጎርጉሯል።

«ሂድ አንሳ» አለችው። «አንተን ማን ጠራህ? የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው።»