የአራት ጎማ አየር

«መኪናው ቀለሙ ምን ነበር፣ ልጄ?»

ፌንጣ የብስክሌቱን የውስጥ ጎማ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራ የተበሳው ቦታ አረፋ እስኪያወጣ ትጠብቃለች። ጠያቂው የብስክሌቱ ባለቤት፣ የኮረኮንቹ መንገድ ዘበኛ ነው። ጎሚስታ የሆነው አጎቷ ጎማ የሚጠግንበት ቤት በር ላይ፣ የተገለበጠ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

«አንቺን እኮ ነው የኔ ልጅ። ነጭ ነው አረንጓዴ?»

«ነጭ… መሰለኝ» አለች ቀና ሳትል። ጎማውን አዙራ እንደገና ነከረችው። ቀኝ እግሯ ያለ ፈቃዷ ይንቀጠቀጣል።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቤት ውስጥማ እናቷ ስሟን ትታ «ቁጭ በይ» እያለች መጥራት ከጀመረች ቆይታለች። ምግብ ላይ ቁጭ በይ፣ ጥናት ላይ ቁጭ በይ። በአሥራ አራት ዓመቷ አንድ ቦታ የምትረጋው እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አልጋ የምትጋራት ታናሽ እህቷ ትጠየቅ።

«ነጭ» አለ ዘበኛው ለራሱ። «የውኃ መሥሪያ ቤቱ መኪና አረንጓዴ ነው። እሱም የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ነጩ እንግዲህ ከየት መጣ?»

መንገዱ ከተራራው ግርጌ ባሉት ኮረብቶች ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው የሚወጣ ነው። ከውኃ መሥሪያ ቤቱ መኪና በቀር ሌላ መኪና አይገባበትም። መግቢያው ላይ ብረት ተጋድሞበታል፤ የብረቱ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በገመድ ታስሮ ዘበኛው አንገት ላይ ይውላል። የትምህርት ቤቱ የብስክሌት ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንዲወጣ ወላጆች የፈቀዱት በዚህ ብረትና በዚህ ቁልፍ ምክንያት ነበር። ለፌንጣ ደግሞ ከሳምንት እስከ ሳምንት ማንም «ቁጭ በይ» የማይላት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ነፋሱ ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ፣ ደረቷ ውስጥ ሲሯሯጥ የሚውለው ነገር ቀስ ብሎ ይረጋላታል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጓደኛዋ ድምቡሼ ቁልቁለቱ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ለእናቷ «መኪና መጥቶብኝ ነው» አለቻት። እናትየዋ ለትምህርት ቤቱ ነገረች፣ ትምህርት ቤቱ ለውኃ መሥሪያ ቤቱ ነገረ፣ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ዘበኛውን ጠራው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በአስተማሪዎች ክፍል ይሰበሰባሉ። ፌንጣም አብራት ስለነበረች ያየችውን እንድትናገር ታዝዛለች።

ፌንጣ መኪና አላየችም። መኪናም አልነበረም።

የነበረው አየር ነው። አጎቷ ኮረኮንች ላይ ለሚሄድ ጎማ አየር የሚመጥነው በአውራ ጣቱ ነው። ጎማው ሲጫኑት እንደ በሰለ ብርቱካን ትንሽ እሺ ማለት አለበት። «ጠጠር ላይ ጎማ ካልለሰለሰ መሬት አይዝም» ይላል፤ ሺህ ጊዜ ብሏል። ፌንጣ ግን አስፋልት ላይ ደንዳና ጎማ እንደሚፈጥን ታውቃለች። ዳገት ላይ ሁልጊዜ የሚቀድሟቸውን የቡድኑን ወንዶች አንድ ቀን እንኳ ኋላ ማስቀረት አማራት። ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ዞር ሲልላት የአየር ቱቦውን አንስታ እሱ ዘንድ የሚቀመጡትን የራሷንና የድምቡሼን ብስክሌቶች፣ አራቱንም ጎማ፣ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ነፋችው።

«ይሄ አልበዛም?» ብላ ነበር ድምቡሼ።

«ፈታ በይ ባክሽ! ዛሬ አቧራችንን ነው የሚያዩት።»

እውነትም ዳገቱን ቀድመው ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብስክሌቶቹ ጠጠሩ ላይ ይነጥሩ ጀመር። ፌንጣ ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ መሪውን ጨብጣ፣ እንደምንም ኩርባውን አለፈች። ከኋላዋ ጎማ ሲንሸራተት ሰማች፤ ከዚያ የድምቡሼን ጩኸት። ተመልሳ ስትደርስ ጓደኛዋ ክንዷን ታቅፋ ታለቅሳለች። ሌሎቹ ገና ከላይ ነበሩ። ያኔ ፌንጣ እስከ ዛሬ የምታፍርበትን ነገር አደረገች፤ የተሰበረችውን ልጅ ትታ፣ እንዳይታወቅባት አራቱን ጎማዎች በየተራ አስተነፈሰች። ፍስስስ የሚለው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም። ድምቡሼ እያለቀሰች አይታታለች። የመኪናውን ወሬ የፈጠረችውም ከዚያ በኋላ ነው።

«ምናልባት…» አለ ዘበኛው ባርኔጣውን ማሽከርከር አቁሞ፤ «ምናልባት እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል።»

አጎቷ ከውስጥ መፍቻውን እንደያዘ ብቅ አለ። «እርስዎ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተኝተው ያየዎት አለ?»

«ሰው ያረጃል፣ ወዳጄ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥተው፣ ከፍተው፣ መልሰው አንጠልጥለውልኝ እንደሆነስ? ሦስት ቀን ሙሉ ሳሰላስለው ነው የከረምኩት። ልጅ በሐሰት ክንዷን አትሰብርም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ መሆን አለበት። ዛሬ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

አጎቷ መፍቻውን አንዴ አገላበጠና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ሳፋው ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ። ፌንጣ ቀዳዳውን በጣቷ ያዘች። አደረቀችው፣ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገችው፣ ማስቲሽ ቀብታ ለጠፈችው። ወደ ጎማው መልሳ ከትታ ስትነፋው በአውራ ጣቷ እየተጫነች ነበር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጎማው ትንሽ እሺ ሲላት አቆመች። ዘበኛው አንጀቷን በልቶታል፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልደፈረችም።

«እጅሽ ይባረክ» ብሏት ብስክሌቱን እየነዳ ሄደ። ከእርግማን ይልቅ ምርቃቱ ከበዳት።

ብዙም ሳይቆይ ድምቡሼ መጣች። ድምቡሼ የተባለችው በሕፃንነቷ ነው፤ አሁን ቀጥ ያለች ሸንበቆ ሆናለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ጀሶዋ ላይ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ፈርመውበታል። ፌንጣን ጎትታ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደቻት።

«ነጭ ነው ያልኩት። አንቺም ነጭ በይ። አለቀ።»

«ዘበኛው ጠይቆኝ ነጭ ብዬዋለሁ።»

«በቃ! አሪፍ!»

«ቁልፉን ሊያስረክብ ነው።»

የድምቡሼ ፊት ተለወጠ። «ማን አለ?»

«ራሱ። ተኝቼ ነበር መሰለኝ አለ። ገባሽ? እኛ የፈጠርነውን መኪና እሱ አመነው!» ፌንጣ ከግድግዳው እስከ ቦዩ፣ ከቦዩ እስከ ግድግዳው ትመላለሳለች።

«ቁጭ በይ እስቲ፣ አዞርሽኝ!» አለች ድምቡሼ። «እኔ እኮ እሱን አላሰብኩትም። ስለ ጎማው ባወራ እማዬ ቀጥታ አጎትሽ ላይ ነበር የምትወጣው። ‹ጎሚስታው ልጄን ሰበራት› ብላ ሰፈሩን ትቀውጠው ነበር። አንቺም ሁለተኛ ሳይክል አትነኪም። ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት?»

«ለኔ።»

«እና?»

«እናማ አውቃለሁ። እስካሁን እውነቱን መናገር ያቃተኝም ለዚህ ነው።»

ድምቡሼ የጀሶዋን ጠርዝ ትቧጥጥ ጀመር። «አሁን ብንገለብጠው ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«የጎማው ነገር የኔ ነው። እኔ የኔን ብቻ ነው የምናገረው። ስላንቺ ከጠየቁኝ ፈርታ ነው እላለሁ።»

«ፈርቼ አይደለም!»

«እሺ፣ ለኔ ብላ ነው እላለሁ።»

ድምቡሼ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አላውቅም። ተይኝ አቦ፣ አላውቅም» ብላ ፊቷን አዙራ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ጀመረች። ፌንጣ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

አጎቷ ጀርባውን ሰጥቶ የሳይክል ካቴና ዘይት ይቀባል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎማዎቹን የነፋኋቸው እኔ ነኝ። ድንጋይ እስኪሆኑ። መኪና አልነበረም።»

አጎቷ ካቴናውን እስከ መጨረሻው ቀብቶ ጨረሰና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«ቅዳሜ ሳይክሎቹን ሳስገባ በጣቴ ነካኋቸው» አለ። «እኔ ከምተወው በላይ ለስልሰዋል። አንድ ጎማ ይተነፍሳል፤ ሁለትም ይተነፍሳል። አራት ጎማ በአንድ ቀን እኩል አይተነፍስም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ።» ጨርቁን ወረወረው። «እውነቱን ከፈለግሽ ፈራሁ። ጎማው የወጣው ከዚህ ቤት ነው። ቅድም ሰውየው ያን ሁሉ ሲናገር ምላሴ ተሳሰረ። አብሬሽ ልሂድ?»

«መጀመሪያ ብቻዬን ልግባ።»

«እሺ። ዘግቼ እከተልሻለሁ።» በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይክል የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ባለውም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።» ድምፅዋ ተሰበረባት፤ ግን አልተመለሰችም።

ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል። አስተማሪዎች ክፍል በር ላይ ባለው አግዳሚ ዘበኛው ብቻውን ተቀምጧል። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ገመዱን ጣቱ ላይ ጠምጥሞታል። ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ የውኃ ቧንቧው ጋ፣ ድምቡሼ ከእናቷ ጋር ቆማለች። እናትየዋ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ምን እንደሚባባሉ አይሰማም። ድምቡሼ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ፌንጣን አየቻትና ዓይኗን ወደ ጀሶዋ መለሰች።

ፌንጣ ዘበኛው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ቁልፉን አይስጧቸው። ትንሽ ይጠብቁ።»

«ለምን፣ ልጄ?»

«መጀመሪያ እኔ ልናገር። የምለው በመጀመሪያ ለርስዎ ነው የሚገባው፤ ግን ሁለት ጊዜ የመናገር ጉልበት የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።»

ዘበኛው ትክ ብሎ አያት። ገመዱን ከጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታ።

በሩ ተከፈተና የስፖርት አስተማሪው አንገቱን አወጣ። «መጥታችኋል? ማን ይቅደም?»

ፌንጣ ሳታስበው ወደ ቀኝ እግሯ አየች። እግሯ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ስትቀመጥ ማንም ቁጭ በይ አላላትም።

«እኔ» አለችና ተነሥታ ገባች።