አሥራ ሁለቱ ጓጉንቸሮች

መካኒኩ የሞተው የዳቦ ፋብሪካው ትልቁ የሊጥ ማቡኪያ ውስጥ ገብቶ ሲጠግን ነው። ፈረቃ ሳይገባ ማልዶ ጀመረ፤ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሣበት። መርማሪዋ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል፤ እሱ መቼም የማያውቀው ነገር የለ!

«ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም» አላት።

ኤሌክትሪሺያኑ የሟች ሚስት ወንድም ነው። ሴትዮዋ ባሏን ያጣችው አንሶ ወንድሟም ወህኒ ሊወርድ ነው፤ ጥግ ይዛ ተቀምጣ የወንድሟን ዓይን ማየት አስጠልቷታል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል፣ አንዴ ከያዘች አትለቅምና። መጀመሪያ የፋብሪካውን ደንብ ጠየቀች። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ኃይሉን ያጠፋል፣ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሟቹም ይህንኑ አድርጓል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ጓጉንቸሩ ግን ማብሪያው ሥር ወድቋል፤ ተከፍቷል እንጂ ጭረት እንኳ የለውም።

ፎርማኑን ስትጠይቀው ሳያመነታ መለሰ። እንደ ወትሮው፣ ማታ ማብሪያው ላይ ቆልፎ የሚሄደውን የራሱን ጓጉንቸር ከፍቶ ማሽኑን አስነሥቷል፤ ውስጥ ሰው መኖሩን በምን ይወቅ? መርማሪዋ የዕቃ ሳጥኑን አስከፈተችው። የራሱ ጓጉንቸር ማታ ካስቀመጠበት አልተነቃነቀም።

ሁሉንም ማቡኪያው ፊት ሰበሰበቻቸው። የሟቹን ጓጉንቸር ቆለፈችና የፎርማኑን ቁልፍ ተቀበለች። ከፈተው። የኤሌክትሪሺያኑንም ሞከረች። ከፈተው።

«የፋብሪካው ጓጉንቸሮች አሥራ ሁለቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው» አለች። «መልካቸው አንድ፣ ቁልፋቸውም አንድ። ፎርማኑ ቁልፉ ሲከፍትለት የራሴ ነው ብሎ አመነ። ትናንት ማታ ግን የራሱን አንሥቶ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጡን ረስቶታል።»

ፎርማኑ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን እፎይ አለ።

«ታዲያ ስህተት ነዋ! ተንኮል የለበትም። አሳዛኝ አጋጣሚ ብለው ይጻፉት።»

መርማሪዋ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «ትናንት ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«አትግባ አልኩት» አለ። «ይሄ ጓጉንቸር አይታመንም አልኩት። ፈሪ ብሎ ሳቀብኝ።»

መርማሪዋ ከሥራ አስኪያጁ ፋይል ያወጣችውን ደብዳቤ አነበበች። ኤሌክትሪሺያኑ ከሁለት ወር በፊት የጻፈው ነው፤ አንዱ ቁልፍ ሁሉንም ስለሚከፍት ሰው ይሞታል ይላል። ኅዳጉ ላይ «ታይቷል፤ ሥራ እንዳይስተጓጎል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ፊርማው የሥራ አስኪያጁ ነው።

«ፎርማኑ ተሳስቷል» አለች። «እርስዎ ግን አልተሳሳቱም። አለማወቅ ሰበብ የሚሆነው እስኪነግሩን ድረስ ነው።»

«አለቃዎን በደንብ አውቃቸዋለሁ።»

«እኔም አውቃቸዋለሁ። የምጽፈው ያው ነው።»

«ኧረ ጓጉንቸር እኮ ነው! ሰው በጓጉንቸር ይከሰሳል?»

ይሄኔ የሟች ሚስት ተነሣች። ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ክንዱን ያዘች፤ በሌላው እጇ ጓጉንቸሩን አንሥታ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው በዚህ ቆልፈው ማቡኪያው ውስጥ ይግቡ» አለችው። «ቁልፉን ኪስዎ ይያዙት። እኛ ማብሪያው ጋ እንቆማለን።»

ሥራ አስኪያጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መርማሪዋ ይህንንም ጻፈችው።