የንቡን ነገር አትተርጉሚ

«ንብስ?» አለች ዲንቄ።

የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ አለቃ አቶ አምባዬ የመርጫውን ጎማ እያጠበቁ ነበር። ቀና ብለው አዩአት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ዲዲቲው አፋቸው አላረፈም፤ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ከተረጨ ወራት ይቆያል፣ የወባ ትንኝ ደም መጥጣ ስታርፍበት ይገድላታል፣ ትንኝ ብቻም አይደል፣ የነካው ነፍሳት ሁሉ አይተርፍም ሲሉ ነበር። ንብ ሲባል ግን ጎማውን ማጥበቃቸውን ተዉ።

«ንብም ያው ነፍሳት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የንቡን ነገር ግን አትተርጉሚ። ማር አገር ገብተሽ ንብ ይገድላል ካልሽ በር የሚከፍት አይገኝም። በር ካልተከፈተ ደግሞ ጥቅምት ላይ ሬሳ ነው የምንቀብረው።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ብዙ ቆላ ዞረው ብዙ ለቅሶ ሰምተዋል። የጎጃም ሰው በመሆናቸው ኦሮምኛ ስለማያውቁ፣ መቱ ሰባተኛ ክፍል የምትማረውንና ለክረምት ከኡካ በታች ወዳለው መንደሯ የተመለሰችውን ዲንቄን አስተርጓሚ አደረጓት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰው ፊት መቆሙ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ደስታው ብን ብሎ ጠፋ።

ልቧ አባቷ ቤት ቆጥ ላይ ወጥቶ ነበር። አምና ጃንሆይ የላኩት መድኃኒት ነው ተብሎ የመጀመሪያዎቹ ረጪዎች ጥቂት ቤት ለመርጨት ሲመጡ «ምግብና ዕቃ አውጡ» አሉ። እህሉ ወጣ፣ ልብሱ ወጣ፣ ድስቱ ሳይቀር ወጣ። ባዶ ቀፎን ግን ማን ዕቃ ብሎ ያወጣዋል? አይበላ፣ አይለበስ። ዛፍ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ቆጥ ላይ ጢስ እየጠጣ የሚከርም፣ እንደ ቤቱ ማገር የሚቆጠር ነገር ነው። ረጪዎቹም ከጣሪያው ጋር አጠጥተውት ሄዱ። ኅዳር ላይ አባቷ ቀጀላ ቀፎዎቹን ጫካ ወስዶ ሰቀለ፤ መንጋው ገባ። ብዙም ሳይቆይ ዛፎቹ ሥር የሞተ ንብ እንደ ተደፋ ዳጉሳ ፈሶ አገኘው፤ ቀፎዎቹንም አውርዶ ቆጥ ላይ መለሳቸው።

የጎረቤታቸው የኩመራ ንብ ግን ምንም አልሆነም። ኩመራ ሽታውን ጠልቶ ቤቱን አላስረጭም ብሎ ነበር። ንቡ ተረፈ፤ ዲንቄ አዝላ ያሳደገችው ትንሹ ልጁ ጎንፋ ግን ጥቅምት ላይ በወባ ሞተ። ቀጀላ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጁ ቢሞትበት በእኔ ንብ ተወጣው፤ መርዝ ያኖረብኝ እሱ ነው» አለ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥር ተዋስነው እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም። ለዲንቄ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፤ መቱ የምትማርበት ቀለብና ልብስ ከማሩ ነው የሚወጣው። ዘንድሮም ማር ከጠፋ ትምህርቱ እንደሚቀር አባቷ ቁርጡን ነግሯታል።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ በአገሩ ባላባት በቆሮ ኩማ ግቢ ተሰበሰበ። ቀጀላ ከፊት ቁጢጥ ብሏል። ኩመራና ሚስቱ ዋሪቱ ከኋላ አጥሩ ጥግ ቆመዋል። አቶ አምባዬ ተናገሩ፣ ዲንቄ ወደ ኦሮምኛ መለሰች። ውሃ ይሸፈን፣ እህልና ልብስ ይውጣ፣ ሕፃናት የተረጨ ግድግዳ አይንኩ። ይሄ ሁሉ እንደ ውሃ ወረደላት።

«ከትንኝ በቀር የሚጎዳው ነገር የለም በያቸው» አሉ አቶ አምባዬ።

ዲንቄ ወደ አጥሩ ጥግ ቀና ብላ ጥቁሯን ያላወለቀችውን ዋሪቱን አየች። እውነቱን ብናገርና ሰዉ በሩን ቢዘጋ፣ የሚቀጥለውን ጎንፋ የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ፈራች። ብዋሽ ደግሞ ኅዳር ላይ ንቡ ይረግፋል፤ ያኔ ውሸቱ ይታወቅና ከርሞ ማንም አያምነንም።

«መድኃኒቱ የወባን ትንኝ ይገድላል» አለች በኦሮምኛ። «ንብም ይገድላል። አምና የአባቴን ንብ የጨረሰው ሰው አይደለም። ቆጥ ላይ የነበረው ቀፎ ከጣሪያው ጋር ተረጭቶ ነው።»

ግቢው ታመሰ። ቀጀላ አንገቱን ደፋ። ከጎን የተቀመጡት ተነስተው ነጠላቸውን እያራገፉ መውጣት ጀመሩ።

«ምን ብለሻቸው ነው?» አሉ አቶ አምባዬ።

«ጠዋት እርስዎ የነገሩኝን።»

ፊታቸው ደም መሰለ። ዲንቄ ቁጣው ሳይወርድባት ቀደመቻቸው። የአምና ቀፎዎች ቆጥ ላይ እንዳሉ መረጨታቸውን ነገረቻቸውና፣ ዘንድሮ ቤቱ ከመረጨቱ በፊት ቀፎው ወጥቶ ቢቆይ ንቡ ይተርፍ እንደሆነ ጠየቀች። አቶ አምባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ያልተረጨ ቀፎ ምንም እንደማይሆን፣ ግን ተመልሶ ቆጥ ላይ መውጣት እንደሌለበት፣ የአምናዎቹም ዳግመኛ ዛፍ እንዳይወጡ ተናገሩ። ዲንቄ አንድም ሳታስቀር መለሰችው።

አንድ ሽማግሌ ግን ቀፎ የቆጥ ጢስ ካላገኘ እንደሚነቅዝ ተናገሩ፤ ለእሱስ መላ አላችሁ ወይ ብለው አፋጠጧት። እሷ ለአቶ አምባዬ ተረጎመችላቸው፤ እሳቸውም ትከሻቸውን ሰበቁ።

«አላውቅም» አለች ዲንቄ። «እሳቸውም አያውቁም።»

ያኔ ነው ዋሪቱ ከአጥሩ ጥግ የተናገረችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ቀፎ ቢነቅዝ ሌላ ይሠራል» አለች። «የኔን ቤት አስቀድሙ።»

ሁሉም እሷን ተከተለ ማለት አይደለም። በሩን የዘጋው ብዙ ነው። ገሚሱ ግን ዕቃ ለማውጣት ወደየቤቱ ሄደ፤ አቶ አምባዬም ለዲንቄ ምንም ሳይሏት መርጫቸውን አንስተው ወደ ዋሪቱ ቤት ተራመዱ።

ቀጀላ እስከ ቤቱ ድረስ ከፊቷ ፈጠን ብሎ ሄደ። ዲንቄ ሊመታኝ ነው ብላ ሰግታለች። ቤት ሲደርሱ ግን መሰላሉን ቆጡ ላይ አስደግፎ ያዘላት፤ ወጣች። አዳዲሶቹን ቀፎዎች አንድ በአንድ ስታወርድለት እየተቀበለ ውጭ ደረደራቸው።

«የአምናዎቹስ?» አለችው።

ወደ ታች ብታይ አባቷ ደጃፉ ላይ ቆሞ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ያያል። ወዲያ ማዶ ኩመራ አንድ ትልቅ ቀፎ ታቅፎ ከበሩ ሊወጣ ይታገላል።

«ኩመራ» አለ ቀጀላ። ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ ደገመው። «ብቻህን አይሆንልህም፤ ቆይ፣ መጣሁ።»

ኩመራ ቀፎውን እንደታቀፈ ቆሞ ጠበቀው።

ዲንቄ ጥላሸት የጠጡትን፣ በማራቸው መቱ ያስተማሯትን የአምናዎቹን ቀፎዎች ዳግመኛ ዛፍ እንዳይወጡ ለብቻ ለየቻቸው። ከዚያ መሰላሉን የሚይዝላት ሳትጠብቅ ብቻዋን ማውረድ ጀመረች።