የፊተኛው ጋን ሩዝ

የቹሶክ፣ የኮሪያውያን የመከር በዓል ዋዜማ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። ዳልሌ ሰዓቱን አትረሳውም፤ ከአውቶቡስ ወርዳ የግቢውን በር ስትከፍት የእጅ ሰዓቷን አይታ «ዛሬስ እናቴ በቁጣ ነው የምትቀበለኝ» ብላ ነበር። ማታውን ለደንበኞች የበዓል ስጦታ ሳጥኖች ስታደርስ ስለመሸባት ኢቾን ከተማ ጓደኛዋ ቤት ነበር ያደረችው።

የተቆጣት ሰው ግን አልነበረም። እናቷን ኦክቡንን ከቤቱ ጀርባ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባው የመጥመቂያ ክፍል ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የአየር መውጫው ክዳን ደግሞ ድርግም ተደርጎ ተዘግቷል። በዙሪያዋ አሥራ ስድስት ጋን ሩዝ እርሾ ገብቶበት ይንተከተካል። ኦክቡን ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወድቃም እንኳ ፊቷ ላይ አንዲት የመጨማደድ መስመር አልነበረችም።

በእነሱ ቤት ሩዝ የሚጠመቀው ለመጠጥ አልነበረም። ኦክቡን የመጀመሪያውን የሩዝ እጣቢ ትደፋለች፤ ሁለተኛውን ፊት እንዲያጠራ በጠርሙስ ትሞላለች፤ ገለባውን ሰልቃ ለመፈተጊያ፣ የጥመቃውን አተላ ደግሞ ለፊት ቅባት ታደርገዋለች። ከሶል ድረስ ሴቶች በአውቶቡስ እየመጡ ይወስዱላታል። «መድኃኒት አይደለም፤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ያረጥባል፣ ፊትን ፈካ ያደርጋል። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም» ትላቸው ነበር። ዳልሌ ልጅ ሆና እናቷ ጠዋት ጠዋት ፊቷን በዚያ ውሃ በመዳፏ ስታብስላት እጇ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር።

ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ነገሩ ወዲያው የተቋጨ መሰለ። ሩዝ ሲፈላ ከባድ አየር ያወጣል፤ መውጫው ተዘግቶ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና አይልም። ክዳኑን በየማታው መክፈት ደግሞ የዳልሌ ሥራ ነው።

«ከፍቼዋለሁ» አለች ዳልሌ።

ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ወደተዘጋው ክዳን መለሱ። ያ አስተያየታቸው ከለቅሶው በላይ ሰበራት። ክዳኑን ረስታው ከሆነ እናቷን የገደለቻት እሷ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የምትኖረው ነገር ይኸው ነው።

መርማሪ ዶክጎ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷን ፀሐይ ያዥጎረጎረው፣ የገበሬ ላስቲክ ጫማ የተጫማች ሴት ናት። ሐኪሙ ክፍሉ በጥመቃው የተነሳ ሞቃት ስለሆነ የሞቱን ሰዓት ለመለየት እንደተቸገረ ነገራት። ራሷን ነቀነቀችና ዳልሌ አጠገብ ተቀመጠች።

«ክዳኑን ስንት ሰዓት ከፈትሽው?»

«ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ከዚያ ሳጥኖቹን ጭኜ ወጣሁ። እናቴ ጋኖቹን አማስላለሁ እያለች ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«የእርሾውን አቀማመም ለሠራተኛችን ለኪቴ አሳየችው። እኔ ልጇ እያለሁ! አንጀቴ አሮ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ክዳኑን ግን ከፍቻለሁ።»

ከጓሮው የዳልሌ አክስት ማልጃ ተጣራች። ማልጃ የሟቹ አባቷ ታናሽ ወንድም የሆነው የሳንጉ ሚስት ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው ታናሽ ቤት ይኖራሉ።

«ይምጡ እስቲ ይዩ! እትዬ ንጋት ላይ እንደ ልማዳቸው ሩዛቸውን አጥበዋል፤ ይኸው። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አጥበው ነው ወደ ጥመቃው የሚገቡት። ምስኪን፣ መውጫው መዘጋቱን መች አወቁ!»

የውሃው ጉድጓድ አጠገብ ሰፊ ሳህን ሙሉ የታጠበ ሩዝ ነበር። ውሃው እንደ ወፍራም ወተት ነጥቷል። ዶክጎ ጥቂት ፍሬ አንስታ በብርሃን አየችው፤ በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው። እርጥብ የሣር ሽታ ነበረው።

«ለእኔ ፊት ተስፋ ያለው ይመስልዎታል?» አለች።

ማልጃ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «እኔን አይጠይቁኝ፤ የኔን አያዩትም?»

«እርስዎ ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ወፍጮ ቤት ነዋ! የበዓሉን ዱቄት ላስፈጭ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ሃያ ሴት ተሰልፎ ነበር፤ ይጠይቁ።»

«ማታስ?»

«ቤቴ። ብቻዬን፤ እንደ ሁልጊዜው።»

ሳንጉ የመጠጡ ስካር ገና አልለቀቀውም ነበር። ከአመሻሹ ጀምሮ ከአሥራ አንድ ወንዶች ጋር በመንደሩ አዳራሽ ሲጠጣ አምሽቶ እዚያው እንዳደረ ሁሉም መስክረውለታል።

«እትዬ ኦክቡንን ይወዷቸው ነበር?»

«ማን የማይወዳቸው አለ? ሚስቴን እኮ ‹እያቸው፣ በስድስት ዓመት ይበልጡሻል፣ ታናሽሽ ነው የሚመስሉት› እላታለሁ። ለጨዋታ ነው።»

«በየስንት ጊዜው ነው የሚጫወቱት?»

ሳንጉ አንገቱን አከከ። «ጠዋት ጠዋት።»

የመጨረሻው ኪቴ ነበር፤ አርባውን ያለፈ ሰው። ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዶ ወዳለው የእናቱ መንደር ሄዶ፣ መርዶ ሰምቶ በብስክሌት ተመልሷል። ዶክጎ ሩዙ ስለሚቀመጥበት ጓዳ ጠየቀችው።

«ሁለት የሩዝ ጋን አለ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ዓመቱን ሙሉ ለሥራ የምንቀዳው ከፊተኛው ነው። ማክሰኞ ግን የዘንድሮው ሩዝ ገባ። እሱን ከፊት አድርገን ያምናውን ወደ ኋላ ገፋነው፤ እኔና ዳልሌ። የዘንድሮውን፣ የሞቱት ቅድመ አያቶች በሚቀርብላቸው የበዓል ማዕድ ሳይቀምሱት ማንም አይነካውም። በእነዚህ ቀናት ጓዳው የቤቱ ታላቅ ምራት፣ የእትዬ ነው፤ ሌላ ሰው ካልተጠራ አይገባም።»

«ቁልፉስ?»

«ኩሽና፣ ምስማር ላይ። የሚነካው ስለሌለ አይደበቅም።»

አምስት ሰዓት ላይ ዶክጎ አራቱንም የእንጨቱ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ፊታቸው ሁለት ሳህን አስቀመጠች።

«ይህኛውን አሁን እኔ ራሴ አጠብኩት፤ ከኋለኛው ጋን ነው። ያኛው ጓሮ የተገኘው ነው። ዳልሌ፣ ምን ታያለሽ?»

ዳልሌ ጎንበስ አለች። የመርማሪዋ ሩዝ ደብዘዝ ያለ፣ ውሃው ወደ ቢጫ ያደላ፣ የገለባ አቧራ የሚሸት ነበር። ሌላው እንደ ብርጭቆ ያበራል።

«ይሄ የዘንድሮ ነው» አለች። ከዚያ ቀና አለች። «እናቴ ይህን አታጥበውም። ከበዓሉ በፊት? ብትሞትም አታጥበውም!»

«አላጠበችውም» አለች ዶክጎ። «እኔም የሩዝ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሳህኑን እንዳየሁ ገርሞኝ ነበር። እንግዲህ ሌላ ሰው አጥቦታል። ያ ሰው ኦክቡን ንጋት ላይ በሕይወት ነበረች ብለን እንድናምን ፈልጓል። ይህ የሚጠቅመው ደግሞ ንጋት ላይ ብዙ ምስክር ላለው፣ ማታ ግን ምስክር ለሌለው ሰው ነው። ስለዚህ ኦክቡን የሞተችው ማታ ነው። ዳልሌ ክዳኑን ከፍታ ሄደች፤ ኦክቡን ልታማስል ገባች፤ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ቀርቅሮ ክዳኑን መልሶ ዘጋው። ሊነጋ ሲል መቀርቀሪያውን ፈታ፤ በጨለማ ጓዳ ገብቶ ሩዝ ቀዳ። ከፊተኛው ጋን።»

«ለምን ከፊተኛው?» አለ ሳንጉ።

«ዓመቱን ሙሉ የሥራው ሩዝ ያለው እዚያ ስለሆነ። ዳልሌና ኪቴ ጋኖቹን በእጃቸው ገፍተዋል፤ እነሱ አይሳሳቱም። እርስዎን አሥራ አንድ ሰው አይቶዎታል። የቀረው ጋኖቹ መቀያየራቸውን ማንም ያልነገረው ሰው ነው።»

ሳንጉ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ማልጃ አላየችውም። ሳህኑን ነበር የምታየው።

«ማን ይነግረኛል?» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ጓዳ ደጅ ቆሜያለሁ። ቅጥረኛው ይገባል፣ ልጅቷ ትገባለች፣ እኔ አልገባም! የቤቱ ምራት አይደለሁም እኔ? ረቡዕ ማታ ‹እትዬ፣ ዘንድሮ የቅድመ አያቶቹን ሩዝ አብሬዎት ልጠብ› አልኳቸው። ‹ያንቺ እጅ ሩዝ ይሰብራል፤ ሂጂ ዱቄትሽን አስፈጪ› አሉኝ። እየሳቁ! በዚያ ፊታቸው እየሳቁ!»

«አንቺ ሴት...» አለ ሳንጉ።

«ዝም በል! አንተ ነህ ያንን ፊት በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር ያበላኸኝ። ዘጠኝ ዓመት አተላቸውን እየሰረቅኩ ተቀብቻለሁ። ምን ለወጠኝ? አንድ ቀን እንኳ ‹ዛሬ አምሮብሻል› አልከኝ?»

ኪቴ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «የሰረቁት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩ ጥሩውን ለይተው መስኮቱ ጋ የሚያስቀምጡልዎ እሳቸው ነበሩ። ‹እንዳታፍር፣ አትንገራት› ይሉኝ ነበር።»

ማልጃ ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

ዳልሌ ልትጠይቅ ያልፈለገችውን ጠየቀች። «አንኳኳች?»

«ሁለት ጊዜ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዷት ማልጃ የቀሚሷን እጅጌ አስተካክላ፣ ጫማዋን ራሷ አድርጋ ወጣች። ዶክጎ ወደኋላ ቀርታ ዳልሌ አጠገብ ቆመች።

«ክዳኑን ከፍተሽው ነበር» አለቻት።

ዳልሌ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ማልጃ አሥራ ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ሳንጉ በየወሩ በመጀመሪያው ሰኞ ስንቅ ይዞ ወህኒ ቤት ይሄዳል። እስካሁን አንድ ቀንም ወጥታ አላነጋገረችውም።