ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የሞተች ተጠርጣሪ

ዶክተር ብዙነህ የሞቱት ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ ለብሰው ነው። ነጭ ቱታ፣ ነጭ ኮፍያ፣ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭምብል። በሁለቱም እጃቸው ጓንት በጓንት ላይ ደርበዋል፤ የጓንቱ አፍ ደግሞ ከእጅጌው ጋር በቴፕ ተጠቅልሏል። ስቶክሆልም ውስጥ የጥንት አፅም በሚመረመርበት በዚያ ቤተ ሙከራ እንዲህ ሳይታሸግ የሚገባ የለም፤ አንዲት የምራቅ ጠብታ የዓመታት ልፋትን ገደል ትከታለችና። እሳቸው ግን አፅሙ ካለበት ክፍል ሳይደርሱ፣ ልብስ መቀየሪያዋ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው የብረት መደርደሪያው ጥግ ላይ ተመትቶ ወድቀው ተገኙ። ወለሉ በበረኪና ታጥቦ ስለነበር ሁሉም አዳለጣቸው አለ።

ኢንስፔክተር ሸዋሉልን የላካት አለቃዋ ነው። ሟቹ ያገሯ ሰው መሆኑን፣ ከሦስቱ ባልደረቦቻቸውም ሁለቱ ያገሯ ልጆች መሆናቸውን ነገራትና «ቋንቋውን ታውቂያለሽ» አላት። ሸዋሉል በስደት መጥታ፣ ቬሊንግቢ ሠፈር ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስትደረድር ኖራ ፖሊስ የሆነች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ያን ዕለት ግን በባቡር ስትሄድ ስለ ሟቹ ማሰቡን ትታ «ብቻ ከኛ ሰው አይሁን» ስትል ራሷን ያዘችው። አፈረች። ሬሳውን ሳያዩ ወንጀለኛ መምረጥ ከፖሊስ ቀርቶ ከመንገደኛም አይጠበቅም።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቤርቲል ስለ ሟቹ ሲጠየቁ ስለ ራሳቸው የሚመልሱ ረዥም ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው የሰሜን ጫፍ ሕዝቦች በጥንት ዘመን ከየት ተነሥተው በየት በኩል ወደ በረዶው አገር እንደገቡ ከአፅማቸው ዘር መፈለግ ነው። ሰሜን ውስጥ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ተቀብራ የተገኘች አንዲት ልጅ፣ ከጥርሷ የወጣው ዘር በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ ሆነ። የሚገኘው በቀይ ባሕር አካባቢ ነው። ፕሮፌሰሩም ሰው ከቀይ ባሕር ዳር እስከ በረዶው ተጉዟል ብለው ለጋዜጣ ተናገሩ፤ በዚያው ሳምንት ለዓለም ሊቃውንት ሊያቀርቡት ነበር።

«ከእናንተ ያንዱ ትንፋሽ ነክቷት ቢሆንስ?» አለች ሸዋሉል።

«ለዚህ እኮ ነው እዚህ የሚሠራ ሁሉ በመጀመሪያ ምራቁን የሚሰጠው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «በእናት በኩል የሚወርደው ዘራችን ይታወቃል። የአራታችንንም አስተያየን፤ ያንዳችንም አይገጥምም። ብዙነህ ብቻ ነበር አላምንም ያለው።»

ስለዚሁ በቀደም ዕለት ከብዙነህ ጋር እንደተጯጯሁም አልደበቁም። ብዙነህ የሞቱ ዕለት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን እንደነበሩ ተናገሩ። ሸዋሉል ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ደስታዋን ወዲያው አወቀችውና ዓይኗን ከሰውየው ፊት አነሣች።

ቀጥላ ያነጋገረችው የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ ናዝሬትን ነው። ናዝሬትና ወንድሟ ደጀኔ ከከተማው ወጣ ባለችው ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚኖሩት የወይዘሮ ዘመናይ ልጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘመናይ በልጅነታቸው ይዛቸው መጥታ ብቻዋን አሳድጋቸዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሁሉ «ልጅ ማለት እንደ ዘመናይ ልጆች» ይላል። ሸዋሉልም ከሩቅ ታውቃቸዋለች። ናዝሬት ዶክተሩ በሞቱበት ዕለት እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር፤ ሐኪሞቹም አረጋግጠዋል።

«ይህን ቴፕ የሚጠቀልለው ማነው?» አለቻት ሸዋሉል።

«ጓደኛ ነው። ሁለት ጓንት ያጠለቀ እጅ ለራሱ አይሆንም» አለች ናዝሬት፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ መቀስ አንሥታ በራሷ እጅጌ አሳየቻት። «እንዲህ ጠቅልሎ በመቀስ መቁረጥ ነው።»

«የዶክተር ብዙነህ ሁለቱም እጅ ተጠቅልሏል።»

ናዝሬት መቀሷን እንደያዘች ቀረች። ታዲያ ብቻቸውን አልነበሩም ማለት ነው አለች፤ ይህንም ያለችው በስዊድንኛ ነው።

እዚያው ቤተ ሙከራ የሚሠራው ደጀኔ ደግሞ ያን ዕለት ኪስታ ገበያ ማዕከል ስዞር ዋልኩ አለ። ትሑትና አንደበተ ለስላሳ ወጣት ነው። በመስታወቱ በኩል እያየችው አንድ የአፅም ሣጥን አውጥቶ ሊከፍት ሲል ቆም አለና ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሲወጣ ጠየቀችው።

«ነፍስ ይማር ብዬ ነው» አለ አቀርቅሮ። «አፍ ሸፍኖ ነፍስ ይማር ይባላል እንዴ፣ እትዬ ሸዋሉል? ለቤርቲል እንዳይነግሩብኝ ብቻ።»

የሸዋሉልን አንጀት በላው። ፈረንጆቹ ቁጥር የሚለጥፉበትን አፅም ይህ ልጅ እንደ ሰው ሬሳ ያከብረዋል ብላ ኮራችበት።

ከቀናት በኋላ የፖሊስ ምርመራ ውጤት መጣ። የሟቹን ቀኝ እጅ የጠቀለለው ቴፕ በመቀስ አልተቆረጠም፤ በጥርስ ተነክሶ ነው የተቀደደው፤ ጫፉም ላይ ምራቅ ተገኝቷል። የሟቹን ጨምሮ ቤተ ሙከራው ካስቀመጠው ከአራቱም ሰዎች ምራቅ ጋር ቢተያይ አልገጠመም። የገጠመው ከሰሜኗ ልጅ ጋር ነው።

የሥራ ባልደረባዋ ላርስ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ። «ተጠርጣሪያችን ከሞተች አራት ሺህ ዓመት ሆኗታል» አላት። ፕሮፌሰሩ በበኩላቸው የአፅሙ ብናኝ ቴፑ ላይ አርፎ ይሆናል አሉ። ሸዋሉል ግን አልሳቀችም። ጭምብሉን አገጩ ላይ ያወረደው ልጅ ፊት ዓይኗ ላይ ድቅን ብሎባት ቁጭ አለች። አንድ ቀን ሙሉ ሌላ መልስ ፈለገች፤ አጣች።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩን፣ ናዝሬትንና ደጀኔን በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ላርስም አብሯት ተቀመጠ። ሕጉ ነውና በስዊድንኛ ጀመረች፤ በአማርኛ ብትናገረው ለእነሱ ብቻ ይቀርላቸው ነበር።

«ዶክተር ብዙነህን አላዳለጣቸውም» አለች። «ሰው ቴፕ ጠቅልሎላቸዋል። ያ ሰው ቴፑን በጥርሱ ቀዷል። ብናኝ ቴፕ አይነክስም፤ የሞተችውም ልጅ አትነክስም። ስለዚህ ያ ዘር የልጅቱ አይደለም። በሕይወት ያለ፣ እዚህ የሚሠራ፣ በጥርሷም በቴፑም ላይ ምራቁን የተወ ሰው ነው።»

የፕሮፌሰር ቤርቲል ፊት ቀላ። ለጋዜጣ ያወሩለት ታላቅ ጉዞ ከአንድ ሰው አፍ ያመለጠ ጠብታ መሆኑ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

«ግን የአራታችንም ምራቅ ታይቷል» አሉ በቀስታ።

«አራት ብልቃጥ ታይቷል። የአራት ሰው ነው ወይ ነው ጥያቄው። ከአንድ አፍ የወጣ ምራቅ በሁለት ብልቃጥ ቢገባ ማንም ያውቅ ነበር፤ እናታቸው አንድ ናት ከሚባሉ ሁለት ሰዎች በስተቀር። የእነሱ በእናት በኩል አንድ መሆኑ ማንንም አያስደንቅም።»

ናዝሬት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ደጀኔ ጠረጴዛውን ያያል።

«ከሁለቱ ማንኛው ነው ብልቃጡን ያልሞላው? ናዝሬት ያን ዕለት እናቷ ዘንድ ነበረች፤ ለቴፕም መቀስ አላት» አለች ሸዋሉል፤ ድምጿ ወረደ። «አፅም ሲከፍት ጭምብሉን የሚያወርድ ግን አንድ ሰው ነው። የሚያወርደውም ለክፋት አይደለም። ነፍስ ይማር ለማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ወደ አማርኛ ዞረች። «ደጀኔ፣ ኪስታ አልነበርክም።»

ልጁ አልካደም። እናቱ እሱን ስትወልድ መሞቷን፣ ጎረቤቷ ዘመናይ ከናዝሬት ጋር እኩል ጡቷን አጥብታ ማሳደጓን፣ ስደት ሲመጣም ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ከማሕፀኔ ናቸው ብላ ማስመዝገቧን ተናገረ። ቤተ ሙከራው ምራቅ ሲጠይቅ ውሸቱ እንዳይወጣ ናዝሬትን ለምኖ ሁለቱንም ብልቃጥ አስሞላት። ብዙነህ ግን የልጅቱ ዘር ያገራቸው ሰው ዘር መሆኑን ጠረጠሩ። ያን ዕለት ቴፑን ሲጠቀልልላቸው፣ ሰኞ ሁላችሁም እፊቴ እንደገና ምራቅ ትሰጣላችሁ አሉት።

«ለመንኳቸው» አለ ደጀኔ። «እማዬ በስተርጅና ውሸታም ልትባል ነው፣ ከአገር ሊያስወጧት ይችላሉ አልኳቸው። ሳይንስ አይዋሽም አሉኝ። ገፋኋቸው። እንዲወድቁ ብዬ አልነበረም።»

«ሲወድቁ ሞተው ነበር?»

«ይተነፍሱ ነበር» አለ። «ሰው ብጠራ ለምን እንደተጣላን ይጠይቁኛል ብዬ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።»

ሸዋሉል በፖሊስነቷ ብዙ ሰምታለች፤ እንደዚህ ያሳፈራት ግን አልነበረም። የኛ ሰው አይሁን ስትል ከርማ፣ ነፍስ ይማር ሲል የኮራችበት ያው አፍ ነው ለሚተነፍስ ሰው አምቡላንስ ያልጠራው።

ላርስ ሸዋሉል እየተረጎመችለት የሚጽፈውን አቁሞ ወደ ናዝሬት ዞረ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ቃሏ መመዝገብ አለበት። ምራቁን ለምን እንደሰጠችለት ማወቅ ፈለገና ደጀኔ ወንድሟ ነው ወይስ አይደለም ብሎ በግልጽ ጠየቃት። አይደለም ብትል ማታለሉ የእናቷና የእሱ ሆኖ እሷ በከፊል ትተርፋለች። ነው ብትል ሁሉንም በአንድነት ትሸከማለች። ይህን በክፍሉ ውስጥ ያልተረዳ አልነበረም። ደጀኔ እንኳ አይደለም በይ የሚል ይመስል ራሱን ነቀነቀላት።

ናዝሬት ስዊድንኛዋ ከአማርኛዋ ይበልጣል፤ ለሸዋሉል እንኳ ግማሹን የምትመልሰው በስዊድንኛ ነበር። አሁን ግን እጆቿን ከፊቷ አውርዳ፣ ላርስን ሳይሆን ደጀኔን እያየች በአማርኛ መለሰች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ባይሆንማ ኖሮ ምን አሳፈረኝ።»

ላርስ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ሸዋሉል አንገቷን እንደደፋች ቃሏን አንድ ሳታስቀር ወደ ስዊድንኛ መለሰችለት።